የማይታዩት ማዕደኞቻችን

ዛሬ ምሳችሁን ስንት ሆናችሁ በላችሁ?

ከቤተሰብ ጋር አንድ ትሪ ከብባችሁ የቀረባችሁ “አምስት ነበርን፣ ስድስት ነበርን” ትሉኝ ይሆናል። ከክፍል ወደ ክፍል ስትሮጡ ዳቦ ገምጣችሁ በለስላሳ ያወረዳችሁ ደግሞ “ብቻዬን ነበርኩ” ትላላችሁ። ሁላችሁም ግን ቆጠራውን አሳንሳችሁታል።

በሰው አንጀት ውስጥ፣ በተለይም በትልቁ አንጀት፣ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ አንድ የታወቀ ስሌት በአንድ አማካይ አዋቂ ሰው ውስጥ 38 ትሪሊዮን ያህል ባክቴሪያ እንዳለ ይገምታል። የሰውየው የራሱ ሕዋሳት 30 ትሪሊዮን ያህል ናቸው። በቁጥር ከሄድን እንግዶቹ ከባለቤቱ ይበዛሉ ማለት ነው። በሚዛን ግን እጅግ ቀላል ናቸው፤ ሁሉም ቢሰበሰቡ ሩብ ኪሎ አይሞሉም።

እኛ ያደግነው እንግዳ ሳይቀምስ የቤት ልጅ እጁን በማይዘረጋበት ቤት ነው። ዘግይቶ ለሚመጣ ሰው ድርሻ ማስቀረትን ማንም በክፍል አላስተማረንም፤ እናቶቻችን ሲያደርጉት እያየን ነው የተማርነው። እነዚህ ማዕደኞቻችን ደግሞ ሁልጊዜ ዘግይተው የሚበሉ ናቸው። የዋጥነው ምግብ በጨጓራና በትንሹ አንጀት ያልፋል፤ ሰውነታችን የሚችለውን ሁሉ ከወሰደ በኋላ የተረፈው ብቻ እነርሱ ዘንድ ይደርሳል። የዛሬው ጽሑፌ ስለዚህ ትራፊ ነው። ለሚዘገዩት እንግዶቻችን ምን እናስቀርላቸዋለን? ካላስቀረንላቸውስ ምን ይከተላል?

ስኳር ከየት መጣብኝ?

ነገሩን በቁም ነገር እንድከታተለው ያደረገኝ የአጎቴ ጥያቄ ነው። አጎቴ ዕድሜያቸውን ያሳለፉት ከሶዶ ከተማ ወጣ ብሎ ባለ የወላይታ ገጠር፣ በእርሻ ነው። ምግባቸው በቆሎ፣ ቦሎቄ፣ ጎደሬ፣ ስኳር ድንች፣ ጎመንና ከእንሰት የሚዘጋጅ ምግብ ነበር። ሥጋ የበዓል ነገር ነው። ጉልበታቸው ሲደክም ልጃቸው አዲስ አበባ አመጣቻቸው። በከተማው ኑሮ ቁርስ የፉርኖ ዳቦ በሻይ ሆነ፤ ምሳ ፓስታ ወይም ሩዝ፣ እራት ከሱቅ የተገዛ እንጀራ። ሊጠይቃቸው የሚመጣ ሰው ሁሉ ለአክብሮት ለስላሳ ይዞ ይመጣል። በአምስተኛው ዓመት የውኃ ጥም አላስቀምጥ፣ የሌሊት ሽንት አላስተኛ አላቸው። ሲመረመሩ የስኳር በሽታ ነው ተባሉ።

ሐኪሙ ዘንድ አብሬያቸው ነበርኩ። ስንወጣ ክንዴን ያዝ አድርገው እንዲህ አሉኝ፦ “አንተ ኮሌጅ ባዮሎጂ ተምረሃል አይደል? እስቲ ንገረኝ። እኔ ቡናዬን በጨው ስጠጣ የኖርኩ ሰው ነኝ። ስኳር ከየት መጣብኝ?”

ወዲያው የምመልሰው አልነበረኝም። ሐኪሙ ቤተሰቡም ይመርመር ብሎ ስለ ነበር፣ በዚያው ሰሞን የ29 ዓመቷ ልጃቸው ተመረመረች። የእርሷም የደም ስኳር ከመደበኛው ከፍ ብሎ ተገኘ። ገና በሽታ አልሆነም፤ ደጃፉ ላይ ግን ቆሟል። ያን ጊዜ ጥያቄው የአጎቴ ብቻ መሆኑ ቀረ። ይህች ልጅ ከጥቂት ዓመታት በፊት እንደ እናንተ በወጣቶች ኅብረት ውስጥ ስትዘምር የነበረች ናት።

ለአጎቴ ጥያቄ አንድ ብቻ የሆነ መልስ የለውም። ሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ የሚገባበት በር ብዙ ነው። ዘር አለበት፤ ዕድሜ አለበት፤ በሆድ አካባቢ የሚጠራቀም ስብ አለበት፤ እርሻ ላይ ይውል የነበረ አካል ወንበር ላይ መዋሉ አለበት። እነዚህን ሁሉ ሐኪሙ ነግሯቸዋል። ከመልሱ ውስጥ ብዙ ጊዜ ሳይነገር የሚቀረው የማዕደኞቻችን ነገር ነው። እኔም የፈለግሁት እርሱን ነው።

ገለባ የተባለው ነገር

በመጀመሪያ አንድ ሰው ላስተዋውቃችሁ። ዴኒስ በርኪት እ.ኤ.አ. በ1911 በአየርላንድ ተወለደ። በልጅነቱ በአደጋ አንድ ዓይኑን ቢያጣም የቀዶ ሕክምና ሐኪም ሆነ፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላም ወደ ኡጋንዳ ሄዶ በካምፓላ ሙላጎ ሆስፒታል ለዓመታት ሠራ። በእምነቱ የጸና ክርስቲያን ነበር። በሕክምናው ዓለም ይበልጥ የሚታወቀው በአፍሪካ ሕፃናት መንጋጋ ላይ የሚወጣን የካንሰር ዓይነት ለይቶ በማሳወቁ ነው፤ በሽታው እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል።

በኋለኛው ዘመኑ ግን ሌላ ጥያቄ ያዘው። በእንግሊዝ አገር ሆስፒታሎችን ያጨናነቁት የትልቁ አንጀት ካንሰር፣ የትርፍ አንጀት ሕመምና የስኳር በሽታ በአፍሪካ ገጠር ለምን ብርቅ ሆኑ? በአፍሪካ ላሉ የሚሲዮን ሆስፒታሎች እየጻፈ ስንት እንዲህ ያለ ታካሚ እንደሚያዩ ይጠይቅ ነበር። ከይቅርታ ጋር፣ እርሱና ባልደረቦቹ ሰገራም ይመዝኑ ነበር። የገጠሩ አፍሪካዊ ሰገራ ከእንግሊዛዊው እጅግ የበዛ፣ ምግቡም በአንጀት ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ ያጠረ ሆኖ አገኙት። በርኪት ከዚህ ተነሥቶ ከእንግሊዞች ማዕድ የጎደለው ነገር ፋይበር፣ በእኛ ቋንቋ አሰር የሚባለው ነው ብሎ አስተማረ።

አሰር ማለት በእህል፣ በጥራጥሬ፣ በአትክልትና በፍራፍሬ ውስጥ ያለ፣ የእኛ ትንሹ አንጀት ሊፈጨው የማይችለው ክፍል ነው። ሰው የማይፈጨው ነገር ምን ይጠቅማል? ለረጅም ጊዜ ብዙዎች እንደ ገለባ ቆጥረውት ሆድ ከማጽዳት ያለፈ ጥቅም እንዳለው አላሰቡም። ይህ ገለባ የእንግዶቻችን እንጀራ መሆኑ በሚገባ የታወቀው በኋላ ነው።

እንዴት እንደሚሠራ በአጭሩ ልንገራችሁ። እርሾ ሊጡን እንደሚያቦካው ሁሉ፣ ባክቴሪያዎቹም አሰሩን በትልቁ አንጀት ውስጥ ያብላሉታል። ከመብላላቱ አጫጭር የቅባት አሲዶች የሚባሉ ንጥረ ነገሮች ይወጣሉ። ከእነርሱ አንዱ ቡቲሬት ነው፤ የትልቁን አንጀት ግድግዳ የሠሩት ሕዋሳት ዋና ነዳጃቸው እርሱ ነው። ሌሎቹ ወደ ደም ገብተው ጉበት ይደርሳሉ። እነዚሁ አሲዶች የአንጀትን ሕዋሳት ሆርሞን እንዲያመነጩ ይቀሰቅሷቸዋል። ከሆርሞኖቹ መካከል ለአንጎል “በቃኝ፣ ጠግቤያለሁ” የሚል መልእክት የሚያደርስ፣ ቆሽትም ኢንሱሊንን በጊዜው እንዲያወጣ የሚያግዝ አለ። እኛ ድርሻቸውን ስናስቀርላቸው እነርሱ ደግሞ ኪራይ ይከፍላሉ ማለት ነው።

የፉርኖ ዳቦና ለስላሳ ስንበላስ? ዱቄቱና ስኳሩ ከሞላ ጎደል በትንሹ አንጀት ያልቃል፤ በፍጥነት ወደ ደም ይገባል፤ የደም ስኳር ሽቅብ ይወጣል። ዘግይተው ለሚመጡት የሚደርሳቸው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። እኛ ጠግበን እነርሱ ጦማቸውን ያድራሉ።

የተራበ እንግዳ ደግሞ ዝም ብሎ አይቀመጥም። እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ የአይጦች ጥናት ተመራማሪዎች የሰው አንጀት ባክቴሪያ ለያዙ አይጦች አሰር የሌለው ምግብ ሰጧቸው። ባክቴሪያዎቹም የአንጀትን ግድግዳ የሚሸፍነውንና የሚጠብቀውን ሙከስ የተባለ ሽፋን መብላት ጀመሩ። የሚበላ ያጡት እንግዶች የቤቱን ልስን መላስ ጀመሩ እንደ ማለት ነው። ሽፋኑ ሲሳሳ በሽታ አምጪ ጀርም በቀላሉ ወደ ግድግዳው ተጠጋ። ዛሬ ብዙ ተመራማሪዎች የሚያጠኑት አንድ ነገር አለ፤ ሽፋኑ ሲሳሳ ከአንጀት ወደ ደም የሚሾልኩ የባክቴሪያ ስብርባሪዎች ዝግ ያለ ብግነት ያስነሣሉ፤ ይህም ብግነት ኢንሱሊን ሥራውን በደንብ እንዳይሠራ ያስቸግረዋል።

ሁለት ሳምንት

ይህ ሁሉ በሰው ላይ ይታያል ወይ ብላችሁ ብትጠይቁ ትክክል ናችሁ። እ.ኤ.አ. በ2015 የፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲው ስቲቨን ኦኪፍና ባልደረቦቻቸው አንድ ቀላልና ደፋር ሙከራ አሳተሙ። በአሜሪካዋ ፒትስበርግ የሚኖሩ 20 ጥቁር አሜሪካውያንና በደቡብ አፍሪካ ገጠር የሚኖሩ 20 ሰዎች ለሁለት ሳምንት ምግብ ተለዋወጡ። የሁለቱም ወገኖች ዘር ከአፍሪካ ነው። በትልቁ አንጀት ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል፤ በጥቁር አሜሪካውያን ዘንድ ከ100 ሺህ ሰው 65 ያህሉን ሲይዝ፣ በደቡብ አፍሪካ ገጠር የሚይዘው ከ5 በታች ነው።

አሜሪካውያኑ በቀን 14 ግራም የነበረው አሰራቸው ወደ 55 ግራም ከፍ አለ። ደቡብ አፍሪካውያኑ ደግሞ ከ66 ግራም ወደ 12 ግራም ወረዱ፤ በርገር፣ የተጠበሰ ድንች፣ ብዙ ሥጋና ቅባት ቀረበላቸው። በአሥራ አራት ቀን ውስጥ በአሜሪካውያኑ አንጀት የነበረው ቡቲሬት ወደ ሁለት ተኩል እጥፍ ጨመረ፤ የአንጀታቸው ብግነትም ቀነሰ። በደቡብ አፍሪካውያኑ ዘንድ ቡቲሬት በግማሽ ቀነሰ፤ የብግነት ምልክቶችም ከፍ አሉ። ሁለት ሳምንት ካንሰር አያመጣም፣ ከካንሰርም አያድንም። የአንጀት ሁኔታ ግን ከምንገምተው በፈጠነ ጊዜ ወደ መልካምም ወደ ክፉም እንደሚዞር ያሳያል።

ስለ ስኳር በሽታስ? እ.ኤ.አ. በ2018 በቻይና የተደረገ ጥናት 43 የሁለተኛው ዓይነት ስኳር ሕሙማንን በሁለት ከፈለ። ሁለቱም ወገኖች አንድ ዓይነት መድኃኒት ወሰዱ፤ አንደኛው ወገን በተጨማሪ ልዩ ልዩ አሰር የበዛበት ምግብ በላ። በዚህኛው ወገን አጫጭር የቅባት አሲዶችን የሚሠሩ ባክቴሪያዎች በረከቱ፤ የደም ስኳራቸውም ከሌላው ወገን የተሻለ ወረደ። ልብ በሉ፤ መድኃኒቱን ማንም አላቆመም። ምግቡ የመድኃኒቱ አጋዥ ሆነ።

እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ እንግዳ ማስተናገድን በሚገባ ያስተምራል። ተመራማሪዎች አንዷ ወፍራም አንዷ ቀጭን ከሆኑ መንትዮች የአንጀት ባክቴሪያ ወስደው ምንም ባክቴሪያ ወደሌላቸው አይጦች አዛወሩ። የወፍራሟን የተቀበሉት አይጦች ስብ ጨመሩ፤ የቀጭኗን የተቀበሉት አልጨመሩም። ከዚያ ሁለቱን ዓይነት አይጦች አንድ ቤት ውስጥ አኖሯቸው። አይጦች አብረው ሲኖሩ ባክቴሪያ ይጋራሉ፤ የቀጭኗም ባክቴሪያዎች ወደ ሌሎቹ ገብተው ከመወፈር ጠበቋቸው። ይህ የሆነው ግን ምግቡ አሰር የበዛበትና ስብ ያነሰበት ሲሆን ብቻ ነው። ምግቡ ስብ የበዛበትና አሰር የጎደለው ሲሆን ጥሩዎቹ እንግዶች ሊገቡ አልቻሉም። መልካም እንግዳ በር ስለተከፈተለት ብቻ አይሰነብትም፤ የሚበላውን ማግኘት አለበት።

ሻንጣ የማይዘው ነገር

ከእናንተ መካከል አንዳንዶቻችሁ ከገጠር ወደ ከተማ መጥታችኋል፤ አንዳንዶቻችሁ ወደ ውጭ አገር ለመሄድ ቪዛ እየጠበቃችሁ ነው። ይህን ክፍል የጻፍኩት ለእናንተ ነው።

ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት በአሜሪካዋ ሚኒሶታ ግዛት ከደቡብ ምሥራቅ እስያ የመጡ ህሞንግና ካረን የሚባሉ ሕዝቦችም ይኖራሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 ከሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ጥናት ከእነዚህ ሕዝቦች ከ500 በላይ ሴቶችን መረመረ። አሜሪካ ከገቡ በኋላ በአንጀታቸው ያሉት የባክቴሪያ ዓይነቶች እየቀነሱ ሄዱ። ለውጡ የጀመረው በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው። የጠፉት ደግሞ በተለይ በአገራቸው ይበሉት የነበረውን የአትክልትና የእህል አሰር የሚያብላሉት ናቸው። በአሜሪካ በቆዩ መጠን ጉድለቱ ጨመረ፤ እዚያ በተወለዱ ልጆቻቸው ዘንድም ይበልጥ ሰፋ። በውፍረት የተጠቁትም የበለጠ ያጡ ሆነው ተገኙ።

ከእኛም ወገን ተመሳሳይ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ ወደ እስራኤል የገቡ ቤተ እስራኤላውያንን ያዩ ሐኪሞች፣ ከመጡ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የስኳር በሽታ በመካከላቸው በፍጥነት እየበዛ መሆኑን በዚያው አሥር ዓመት መጨረሻ ጽፈዋል። በትውልድ መንደራቸው በሽታው እምብዛም አይታወቅም ነበር። ምክንያቱ የአንጀት ባክቴሪያ ብቻ ነው አልልም፤ ምግቡም፣ እንቅስቃሴውም፣ የስደት ጭንቀቱም አንድ ላይ ተለውጠዋል። ነገር ግን የአጎቴ የአምስት ዓመት ታሪክ ከሶዶ ገጠር እስከ አዲስ አበባ የሄደበት መንገድ ይኸው ነው። ለዚህ መንገድ ፓስፖርት አያስፈልግም።

ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን የሚከተለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሶነንበርግ የተባሉ ባልና ሚስት ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር የአይጦችን አራት ትውልድ አሰር በጎደለው ምግብ አሳደጉ። በመጀመሪያው ትውልድ የባክቴሪያው ዓይነት ቀነሰ፤ አሰሩ ሲመለስላቸው ግን ብዙው አገገመ። ልጆቻቸው ከእናቶቻቸው የወረሱት ጥቂት ነበር፤ የልጅ ልጆቹ ደግሞ ከዚያ ያነሰ። በአራተኛው ትውልድ ከመነሻዎቹ ዓይነቶች አብዛኞቹ ጠፍተው ነበር። ያን ጊዜ አሰሩን ቢመልሱላቸውም የጠፉት አልተመለሱም፤ የሚመለሱት የጠፉት ባክቴሪያዎች ራሳቸው ከሌላ አይጥ ሲሰጧቸው ብቻ ነው።

ሰው አይጥ አይደለም። ሕፃን ግን ብዙውን የመጀመሪያ ባክቴሪያውን የሚያገኘው ከእናቱ ነው። ያልተያዘ ነገር አይወረስም። እናንተ ነገ እናቶችና አባቶች ናችሁ። አያቶቻችሁ ሳያውቁት ጠብቀው ያቆዩት ነገር በእናንተ እጅ ላይ ደርሷል። ሰውነት የተሰጠን አደራ ነው ብለን ስናስተምር ይህም የአደራው ክፍል ነው ብዬ አምናለሁ።

ሰማያዊና ቀይ እንክብል

ማዕደኞቻችንን የሚነካው ምግብ ብቻ አይደለም። አፈሩ፣ ከብቱ፣ የምንጠጣው ውኃ፣ አብሮን የሚኖረው ሰው ሁሉ ባክቴሪያ ያካፍለናል። ይህን ስል የገጠር ኑሮ ሁሉ ጤና ነው ማለቴ አይደለም። ንጹሕ ያልሆነ ውኃ በአገራችን ስንት ሕፃን እንደቀጠፈ ሁላችንም እናውቃለን፤ እጅ መታጠብና ውኃ ማከም ይቅር የሚል ሰው ቢመጣ አትስሙት።

ከሁሉ በላይ የሚያራቁታቸው ግን አንቲባዮቲክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በታተመ ጥናት ሦስት ጤነኛ ሰዎች ሲፕሮፍሎክሳሲን፣ እኛ በተለምዶ ሲፕሮ የምንለውን፣ ለአምስት ቀን ወሰዱ። የአንጀት ባክቴሪያዎቻቸው ዓይነት ወዲያው ቀነሰ። አብዛኞቹ በአንድ ወር ውስጥ ተመለሱ፤ አንዳንዶቹ ግን ስድስት ወር ቆይቶም አልተመለሱም። አንቲባዮቲክ ሕይወት ያድናል፤ ሐኪም ካዘዘላችሁ እንደታዘዘው ጨርሱት። ለጉንፋን ብሎ፣ ጎረቤት አድኖታል ብሎ፣ ባለ ሁለት ቀለሙን እንክብል ከመድኃኒት ቤት ያለ ማዘዣ እየገዙ መዋጥ ግን ይቅር። ጉንፋኑ በቫይረስ የሚመጣ ስለሆነ አይነካውም፤ የሚመታው እንግዶቻችሁን ነው።

ከየት እንጀምር?

የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 25 ግራም አሰር ከምግቡ እንዲያገኝ ይመክራል። ይህ ለእኛ የባዕድ ምግብ ፍለጋ አይደለም። ባቄላ፣ አተር፣ ምስር፣ ሽምብራ፣ ቦሎቄ፣ ገብስ፣ ስንዴ ከነቅርፊቱ፣ በቆሎ፣ ጎመን፣ ካሮት፣ ፓፓያ ሁሉም የእንግዶቹን ድርሻ ይዘው ይመጣሉ። ጤፍ ፍሬው ከማነሱ የተነሣ ቅርፊቱ ተለይቶ አይወጣም፤ ሁሉም አብሮ ይፈጫል። ስለዚህ የጤፍ እንጀራ በሽሮ ከነጭ ዱቄት ዳቦ እጅግ ይበልጣል። የጤፍ ዋጋ የት እንደደረሰ አውቃለሁ፤ ብዙ ቤት እንጀራው ከሩዝ ዱቄት ጋር እየተቀላቀለ ነው። የባቄላ ንፍሮና የጎመን ወጥ ግን ዛሬም ከበርገር ይረክሳሉ። እንደ ዋጋቸው አትናቋቸው።

የቦካ ምግብስ? እ.ኤ.አ. በ2021 በስታንፎርድ 36 ሰዎች የተካፈሉበት ጥናት፣ እርጎን የመሰሉ ሕይወት ያለው ባክቴሪያ የያዙ የቦኩ ምግቦችን አዘውትረው የበሉ ሰዎች በአንጀታቸው ያለው የባክቴሪያ ዓይነት እንደጨመረና የብግነት ምልክታቸው እንደቀነሰ አሳይቷል። የእኛ እርጎ ከዚህ ወገን ነው፤ ወተቱ ንጹሕ ይሁን እንጂ። እንጀራም በእርሾ ይቦካል፤ ነገር ግን ምጣዱ ባክቴሪያዎቹን ይገድላቸዋል። የእንጀራ ጥቅሙ በአሰሩ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ከነገ ጀምሬ ንፍሮ ብቻ እበላለሁ ብላችሁ አትነሡ፤ ሆዳችሁ ይነፋል፣ አጠገባችሁ የሚቀመጠውም ሰው ያማርራል። ቀስ እያላችሁ ጨምሩ፤ ውኃ ጠጡ። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ዘመድ ያላችሁ ደግሞ፣ ምግቡ ቢስተካከልም መድኃኒቱን ያለ ሐኪሙ ቃል እንዳያቆም ምከሩት። ይህን የምለው በየጉባኤው “ድኛለሁ” ብለው እንክብላቸውን ጥለው የተጎዱ ሰዎች ስለማውቅ ነው።

አጎቴ እንክብላቸውን አልተዉም። ቦሎቄውን ግን ከአገር ቤት ማስላክ ጀመሩ፤ ልጃቸውም በየማታው ከእርሳቸው ጋር በእግር ትሄዳለች። በስምንተኛው ወር ስትመረመር የደም ስኳሯ ወደ መደበኛው ተመልሶ ነበር። ምግቡ ነው ወይስ እግር ጉዞው ብትሉኝ ከፍዬ ልነግራችሁ አልችልም፤ ምናልባት ሁለቱም። ለአጎቴም በመጨረሻ እንዲህ ብዬ መለስኩላቸው፦ “ከአገር ቤት ሲመጡ እርስዎን ብቻ ነው ያመጣንዎት፤ የእንግዶችዎን ስንቅ እዚያው ትተነዋል።” ሳቁና “እንግዲያስ ይላክላቸዋ!” አሉኝ።

ከእናንተ ጋር የምጀምረው ከቅዳሜው የሻይ ሰዓት ነው። ጠረጴዛው ላይ ብስኩት፣ ቦምቦሊኖና ለስላሳ ይደረደራል። ሁሉም ይነሣ አልልም፤ ደስታችሁን ልወስድባችሁ አልመጣሁም። ከብስኩቱ አጠገብ አንድ ሰሐን የገብስና የሽምብራ ቆሎ፣ አንድ ሰሐን ንፍሮ፣ አንድ ማሰሮ ንጹሕ ውኃ ይቀመጥ። ወጪው ከለስላሳው ያነሰ ነው። ቆሎውን የሚቆላ ተራ እናውጣ፤ የመጀመሪያውን ተራ እኔ ወስጃለሁ።

በሚመጣው በዓል ወደ ቤተሰብ ስትሄዱ ደግሞ ደብተር ያዙ። አያቶቻችሁን በልጅነታቸው ምን ይበሉ እንደነበር ጠይቋቸው፤ የእህሉን ስም፣ አዘገጃጀቱን፣ በየትኛው ወር ይበላ እንደነበር ጻፉ። ከተቻለም አንዱን አብራችኋቸው ሠርታችሁ ብሉ። በሚቀጥለው ቅዳሜ የጻፋችሁትን ይዛችሁ ኑ፤ አብረን እናነበዋለን። ማዕዳችሁ ይባረክ።